ቀይ ነጠብጣብ ያላትን የእሳት እራት እንዴት መለየት ይቻላል?

የእሳት እራት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የምትለን ማታ አምፖል ላይ የምትንደፋደፈው አቧራማ ነገር ናት። ይቺኛዋ ግን ቀንም ትበራለች፣ ደግሞ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ነጭ ላይ ጥልፍ የተጣለባት ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ዩቴቴይሳ ፑልኬላ ነው። ፑልኬላ በላቲን «ትንሿ ቆንጆ» እንደ ማለት ነው፤ ሲያንሳት ነው። በአፍሪካ፣ በደቡብ አውሮፓና በእስያ ትገኛለች።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ጫካ ውስጥ አትድከሙ፤ ፀሐይ የሚመታው ገላጣ ሣር፣ የመንገድ ዳር ወይም ጦም ያደረ ማሳ ይሻላል። ቀስ ብላችሁ ሂዱ። እግራችሁ ሣሩን ሲነካው አንድ ነጭ ነገር ብር ብሎ ተነስቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ካረፈ፣ አትሩጡ፣ ያረፈበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙና ጥላችሁ እንዳያርፍበት በሌላ በኩል ዞራችሁ ተጠጉ።

አሁን አቀማመጧን እዩ። እንደ አብዛኛው ቢራቢሮ ክንፏን ወደ ላይ ገጥማ አታቆምም። ሰውነቷ ላይ ጠቅለል ታደርገውና ቀጭን ትሆናለች፤ የወረቀት ቁራጭ መስላችሁ ልታልፏት ትችላላችሁ። አንቴናዋም እንደ ክር ነው፣ የቢራቢሮ ግን ጫፉ ላይ ያብጣል።

ከዚያ ዋናው፣ ነጠብጣቡ። የፊት ክንፏ ነጣ ያለ ነው፤ በላዩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ተበትነዋል፣ በመሃል በመሃላቸው ደግሞ ሰፋ ያሉ፣ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ቀይ ነጠብጣቦች አሉ። ስልካችሁን ጠጋ አድርጋችሁ አንሱና ፎቶውን አጉሉት፤ ጭንቅላቷና ትከሻዋም ላይ ያው ጥልፍ ይቀጥላል።

የኋላ ክንፏ የሚታየው ስትበር ነው። ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩን የተቦጫጨቀ የሚመስል ጥቁር ጥለት አለው። እሱን ለመያዝ ልትነሳ ስትል ደጋግማችሁ ማንሳት ነው፤ ግማሹ ፎቶ ይበላሻል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ክንፏ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

በእጅ አትያዟት። የክንፏ ቀለም እንደ ዱቄት ጣት ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ አባጨጓሬ ሳለች ከምትበላቸው ዕፅዋት ያጠራቀመችው መርዝ ክንፍ ካወጣች በኋላም አብሯት አለ፣ ለዚህ ነው በጠራራ ፀሐይ እንዲህ አጊጣ የምትዞረው፤ ቀለሟ ለሚበላት ሁሉ «ተወኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ቀን ካጣችኋት ማታ ደጅ ነጭ አንሶላ ወጥራችሁ መብራት አብሩበት። እሷም እንደ ዘመዶቿ ወደ ብርሃን ትመጣለች።