በኤክስካቫተር ኤሲ ላይ ተደጋጋሚ የጋዝ ማነስን እንዴት እንደፈታሁት

ኤሲው (አየር ማቀዝቀዣው) ጋዝ ሁለት ጊዜ ተሞልቶለት ሁለቱንም ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማቀዝቀዝ ያቆመ ኤክስካቫተር (የመሬት መቆፈሪያ ማሽን) እጄ ሲገባ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከመሙላቴ በፊት ጋዙ የሚያፈስበትን ቦታ ለመፈለግ ወሰንኩ። የመቆፈሪያ ባልዲውን መሬት ላይ አሳርፌ፣ ሞተሩን አጥፍቼና ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ቱቦዎቹን ስመረምር፣ ሌላው ሁሉ ደረቅ አቧራ ለብሶ ሳለ ጋዙን ከሚጨምቀው ኮምፕሬሰር አጠገብ ያለው አንድ መጋጠሚያ ብቻ ዘይት የጠጣ ጥቁር ቆሻሻ ይዞ አገኘሁት፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር ይህ አስተማማኝ ምልክት ነው።

አር-134ኤ የተባለው የኤሲው ጋዝ በከባቢ አየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ ፈሳሹ ዓይንና ቆዳ ላይ ቢረጭ በቅዝቃዜው ወዲያው ይጎዳል። ስለዚህ መነጽርና ጓንት አድርጌ ጋዙን ወደ አየር ሳልለቅ በመሰብሰቢያ ማሽን ወደ ሲሊንደር መለስኩት። መጋጠሚያው ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ ተሰንጥቆ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የቀለበቱ ሳይሆን ቱቦውን አቅፎ የሚይዘው ማሰሪያ በመጥፋቱ ንዝረቱ ሁሉ እዚያ ላይ ማረፉ ነበር። ሁለቱንም ተካሁ፣ የጎደለውንም ዘይት ሞላሁ። ከዚያ በደረቅ ናይትሮጅን ግፊት ማፍሰሱ መቆሙን ፈትሼ (ኦክስጅን ከዘይት ጋር ስለሚፈነዳ ፈጽሞ አይሞከርም)፣ እርጥበቱን በቫኪዩም ፓምፕ አውጥቼ፣ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን የጋዝ መጠን በሚዛን መዝኜ ሞላሁ።