ሜይቢ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አራት ኪሎ ፎቶኮፒ ቤት የሰው ማመልከቻና ሲቪ ስታይፕ ነው የምውለው፣ እና ተበላሽቶ በመምጣት ሜይቢ (maybe) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚያክል የለም።

ምልክት፦ አንዴ ተያይዞ አንዴ ተለያይቶ ይጻፋል፣ ኮምፒውተሩም ላያሰምርበት ይችላል። ምክንያቱ ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ስለሆኑ ነዋ። ሲያያዝ "ምናልባት" ነው፣ ሲለያይ ደሞ ሜይ ረዳት ግስ፣ ቢ ዋናው ግስ ሆነው "ሊሆን ይችላል"። መፍትሄ፦ በቦታው ፐርሃፕስን (እሱም "ምናልባት" ነው) አስገቡና አንብቡት። "ሜይቢ ሂ ኢዝ ኢን ፒያሳ" ላይ ቁጭ ይላል፣ "ሂ ሜይ ቢ ኢን ፒያሳ" ላይ ግን ብታስገቡት ግሱ ይጠፋል፣ ስለዚህ ለያዩት።

ምልክት፦ "ሜይቢ ሂ ሜይ ካም"። ይሄ "ምናልባት ሊመጣ ይችላል" ከሚለው በቀጥታ የተገለበጠ ነው፣ በኛ ሁለቱ አብረው ያምራሉ በእንግሊዝኛ ግን አንዱ ይበቃል። "ሂ ሜይ ካም" ወይ "ሜይቢ ሂ ዊል ካም" በሉ።

አሁን ዋናው። ፈረንጅ አለቃችሁ ሪፖርቱ ለአርብ ይደርሳል ወይ ሲላችሁ ሜይቢ ትላላችሁ፣ ፊቱ ይቀየራል፣ እናንተ ደሞ ምን አልኩ ብላችሁ ግራ ይገባችኋል። ችግሩ እኛ ስለ ነገ ስናወራ "ይደርሳል" ብሎ መደምደም ድፍረት ስለሚመስለን እግዜር ካለ፣ ምናልባት፣ ምናምን እያልን እናለዝባለን፣ በሆዳችን ግን እንደሚደርስ እናውቃለን። ፈረንጁ ይሄን አያውቅም፣ ሜይቢ ስትሉት ሊደርስም ላይደርስም ይችላል ብሎ ነው የሚሰማው። "ሳይደርስ አይቀርም" ለማለት ከሆነ ቃሉ ፕሮባብሊ ነው፣ ቦታውም መሃል ላይ፦ "ኢት ዊል ፕሮባብሊ ቢ ሬዲ ኦን ፍራይዴይ"። እርግጠኛ ከሆናችሁማ የስ በሉና ገላገሉት፣ ትህትናችሁን ለአማርኛው አቆዩለት።

ምልክት፦ "ሜይቢ ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ ቴክ አን አምብሬላ"። "ምናልባት ከዘነበ" ብለን ስለምናስብ ነው። እዚህ ሜይቢን አውጡትና "ኢን ኬዝ ኢት ሬይንስ" አድርጉት።

ለማመልከቻ ደብዳቤ ከሜይቢ ፐርሃፕስ ይሻላል፣ ሜይቢ የወሬ ነው። ፖሲብሊም አለ፣ "ኩድ ዩ ፖሲብሊ" ብላችሁ ስትጠይቁ እባክዎ ቢቻልዎት እንደማለት ነው፣ ያምራል። ግን ከካንት ጋር ሲሆን ተጠንቀቁ፦ "አይ ካንት ፖሲብሊ ካም" ማለት ምናልባት አልመጣ ይሆናል አይደለም፣ በጭራሽ አልችልም ነው፣ ለኢንተርቪው ቀጠሮ እንዲህ ብሎ ሊልክ የነበረ ልጅ ሳይልከው በፊት አስጠፍቼዋለሁ።