«ደማስቆ ልትጠፋ ነው» የሚል ቪዲዮ ሲላክላችሁ፦ ትንቢቱን ራሳችሁ እንዴት ታጣሩታላችሁ?

ሶሪያ ውስጥ አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ስለ ደማስቆ ጥፋት የሚናገረው ኢሳይያስ 17 ይነሳል። ቴሌግራም ላይ፣ ዩቲዩብ ላይ፣ የቤተሰብ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ተነስቷል። ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሳድ መንግሥት ሲወድቅም ተነስቷል። የሚላከው ነገር ሁሌም ያው ነው፦ የሚጨስ ሕንፃ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ከዚያ ቁጥር 1 በትልቁ ተጽፎ። ቁጥር 2ን የሚያነብ የለም።

እዚህ የማሳያችሁ ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ ትንቢቱ የተነገረበት ዘመን ይታወቅ፣ የዛሬ ዜና በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ማንኛውም ከተማ ማንኛውንም ትንቢት ሲፈጽም ታገኙታላችሁ።

1. ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብቡ

አጭር ነው፣ 14 ቁጥር ብቻ። ቁጥር 1 ደማስቆ ከተማ መሆኗ ቀርቶ የፍርስራሽ ክምር እንደምትሆን ይናገራል። ቁጥር 3 ላይ ግን ሌላ ስም ይገባል፦ ኤፍሬም፣ ማለትም ዋና ከተማው ሰማርያ የነበረው የሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት። ምሽግ ከኤፍሬም፣ መንግሥት ከደማስቆ ይቀራል ይላል። ከዚያ በኋላ ነቢዩ የያዕቆብ ክብር ስለ መሳሳቱ ያወራል፤ የሚናገረውም ገበሬ በሚያውቀው ነገር ነው። እህሉ ታጭዶ ቃርሚያ ብቻ ቀርቷል። ወይራው ተራግፎ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ተንጠልጥሏል።

ምዕራፉ የሚያልቀው እንደ ባሕር በሚያስገመግሙ አሕዛብ ነው። ማታ ድንጋጤ፣ ሳይነጋ ደግሞ የሉም።

ወረቀታችሁ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ኤፍሬም እዚህ ምን ይሠራል?» ሌላ ምንም ባትጽፉ ይህን ጻፉ።

2. ከተማዋን ከዘፍጥረት ጀምራችሁ ተከተሏት

የመጽሐፍ ቅዱስ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ካለ «ደማስቆ» ብላችሁ ፈልጉ፣ ሁሉም ይወጣላችኋል። ከሌለ ዋና ዋናዎቹን ልጠቁማችሁ።

አብርሃም ሎጥን የማረኩትን ነገሥታት ያሳደደው እስከ ደማስቆ አካባቢ ነው (ዘፍጥረት 14)። የቤቱ አዛዥ ኤልዔዘርም የደማስቆ ሰው ነው። ዳዊት ወታደሮቹን እዚያ አስፍሮ ነበር፤ በልጁ በሰሎሞን ዘመን ግን ሬዞን የሚባል ሰው ከተማዋን ይዞ ጠላት ሆነበት (1ኛ ነገሥት 11)። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪኩ የእስራኤልና የሶርያ ግጥሚያ ነው፤ አንዴ ይዋጋሉ፣ አንዴ ይዋዋላሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ይዋጋሉ።

የሶርያውን የጦር አለቃ ንዕማንን ሁላችንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ዮርዳኖስ ታጠብ ሲባል የተቆጣው «የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ ከእስራኤል ውኃ ሁሉ አይሻሉም?» ብሎ ነበር። በነገራችን ላይ ሰውዬው ያለ ምክንያት አልተኩራራም። አባና የሚባለው ብዙዎች ዛሬ ባራዳ ከሚሉት ወንዝ ጋር አንድ ያደርጉታል። በረሃ ጠርዝ ላይ ያለችውን ከተማ በአትክልት ከብቦ ያኖራት ይኸው ወንዝ ነው። ይህችን የአትክልት ነገር ያዙልኝ፣ ቆይታ ትመጣለች።

ከዚያ ኋላ የሶርያ ንጉሥ የሆነው አዛሄል አለ። ኤልሳዕ ደማስቆ ድረስ ሄዶ ፊቱን እያየ ያለቀሰበት ሰው (2ኛ ነገሥት 8)። እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ሰሜን እስራኤል ውስጥ ቴል ዳን በሚባል ቦታ በአረማይክ የተጻፈ የተሰባበረ ድንጋይ ተገኝቷል። በድንጋዩ ላይ አንድ የሶርያ ንጉሥ የእስራኤልን ንጉሥና «የዳዊት ቤት» የሚለውን ንጉሥ ገደልኩ እያለ ይፎክራል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ፎካሪው አዛሄል ነው ይላሉ። ደማስቆ በኢሳይያስ ዘመን ለኢየሩሳሌም ሰው ምን ማለት እንደነበረች የሚገባችሁ እዚህ ጋ ነው። ያኔ ተረት አልነበረችም፣ ጎረቤት ያለች የምታስፈራ ኃይል ነበረች።

3. ዘመኑን ፈልጉ

ይህ ደረጃ ላይ አትቸኩሉ። ኢሳይያስ 7 እና 8ን፣ ከዚያ 2ኛ ነገሥት 16ን ጎን ለጎን አንብቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 734 አካባቢ የደማስቆው ንጉሥ ረአሶንና የኤፍሬሙ ንጉሥ ፋቁሔ ተባብረው በይሁዳው ንጉሥ በአካዝ ላይ ዘመቱ። አካዝን አውርደው የራሳቸውን ሰው ሊያነግሡ ነበር። ኢሳይያስ 7 የንጉሡና የሕዝቡ ልብ ነፋስ እንደሚያናውጠው ዛፍ ተናወጠ ይላል። ኢሳይያስ ግን ለአካዝ «አትፍራ፣ እነዚህ ሁለቱ የሚጤሱ የእንጨት ጠለሸቶች ናቸው» አለው። ምዕራፍ 8 ላይም አንድ ሕፃን አባባ እማማ ማለት ሳይችል የደማስቆ ሀብትና የሰማርያ ምርኮ በዘመኑ ኃያል ወደነበረው መንግሥት ወደ አሦር እንደሚወሰድ ተናገረ።

የኤፍሬም ጥያቄያችሁ ተመለሰ። ሁለቱ መንግሥታት አብረው ስለ ዘመቱ ፍርዳቸውም በአንድ ምዕራፍ አብሮ ተጻፈ።

አካዝ ግን ነቢዩን አልሰማም። የቤተ መቅደሱንና የቤተ መንግሥቱን ብርና ወርቅ ጠራርጎ ለአሦር ንጉሥ ለቴልጌልቴልፌልሶር ላከና «አድነኝ» አለው። አሦርም መጣ። 2ኛ ነገሥት 16፥9 ደማስቆን እንደያዘ፣ ሕዝቡን ወደ ቂር እንዳፈለሰ፣ ረአሶንን እንደገደለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። ዓመቱ 732 ነው፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት።

እዚህ ላይ ወደ አሞጽ ምዕራፍ 1 ዝለሉ። አሞጽ ከዚህ በፊት ነው የተናገረው። ደማስቆ ገለዓድን በብረት መውቂያ ስለወቃች የሶርያ ሕዝብ ወደ ቂር ይማረካል ብሎ ነበር። ቂር! ያው ስም። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ትንቢትና ፍጻሜን እንዲህ አጠጋግቶ የሚያሳየን ብዙ ቦታ አይደለም፣ ቪዲዮ ሠሪዎቹ ይህን ለምን እንደሚዘሉት ግራ ይገባኛል።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ደግሞ የአሦሩ ንጉሥ ራሱ ያስቀረጸው መዝገብ አለ። ረአሶን ነፍሱን ሊያድን ብቻውን ሸሽቶ እንደ ትንሽ አውሬ በከተማው በር ሾልኮ ገባ ይላል። 45 ቀን ከብቤ እንደ ወፍ በቀፎ ውስጥ ዘጋሁበት ይላል። የአትክልት ዛፎቹን አንድ ሳላስቀር ቆረጥኩ ይላል። በደማስቆ 16 አውራጃዎች ያሉ 591 ከተሞችን የጥፋት ውኃ ያለፈበት ፍርስራሽ አስመሰልኳቸው ብሎም ይፎክራል። የነገሥታት ፉከራ ሁሌም ይጋነናል፣ ቁጥሩን እንዳለ አትዋጡት። ግን ኢሳይያስ ስለ ባዶ ከተሞችና ስለ ፍርስራሽ ሲናገር የሰሙት ሰዎች ምን እንዳዩ ይነግራችኋል። ሰማርያም ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ722፣ ወደቀች።

4. ከዚያ በኋላ ከተማዋ ምን እንደሆነች ጻፉ

እዚህ ጋ ሥራው ፈጣን ነው፣ ግን ሐቀኛ መሆን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ደማስቆ ጠፍታ አልቀረችም። ኤርምያስ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ (ምዕራፍ 49) በግንብዋ ላይ እሳት እንደሚነድ ሲናገር ከተማዋ እንደገና ቆማለች ማለት ነው። ሕዝቅኤል 27 ላይ ከጢሮስ ጋር ወይንና ሱፍ ትነግዳለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ64 ሮማውያን ሶርያን ያዙ። ጳውሎስ ዓይኑ ጠፍቶ እየተመራ የገባው ወደዚህችው ከተማ ነው። ደቀ መዝሙሩ ሐናንያ ወደ ጳውሎስ የተላከበት «ቀጥተኛ» የተባለው መንገድ ዛሬም በአሮጌው ከተማ ውስጥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ገበያ ሆኖ ይገኛል። ዞሮ ዞሮ ጳውሎስ ከዚያች ከተማ የወጣው በቅጥሩ በኩል በቅርጫት ወርዶ ነው።

ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ661 ጀምሮ ኡመያዎች የተባሉት የሙስሊም ገዥዎች ዋና ከተማ ሆነች። በ1401 ከመካከለኛው እስያ የመጣው ድል አድራጊ ቲሙር አቃጠላት፣ ተመልሳ ተሠራች። ያለማቋረጥ ሰው ከኖረባቸው እጅግ ጥንታዊ ከተሞች አንዷ የምትባለውም ለዚህ ነው።

5. ሁለቱንም ወገን በደንብ ስሙ

አሁን ወረቀታችሁ ላይ ሁለት ነገር አለ፦ በ732 የሆነው፣ እና ከተማዋ ዛሬም መኖሯ። ክርክሩ የሚነሳው ከዚህ ነው።

አንዱ ወገን «ትንቢቱ ተፈጽሟል» ይላል። መንግሥት ከደማስቆ ይቀራል ተባለ፣ ቀረ። የሶርያ ነገሥታት መስመር ከረአሶን ጋር አለቀ፣ ኤፍሬምም አብሮ ጠፋ። ነቢያት ስለ ፍርድ ሲናገሩ ቋንቋቸው ኃይለኛ ነው፣ ደግሞም ቁጥር 1 «ለዘላለም» አይልም።

ሌላው ወገን «ገና ነው» ይላል። ደማስቆ ከተማ መሆኗን ጨርሶ ያቆመችበት ዘመን የለም፣ ስለዚህ የቁጥር 1 ሙሉ ፍጻሜ በመጨረሻው ዘመን ይጠበቃል። ምዕራፉ «በዚያ ቀን» እያለ መደጋገሙንም ያነሳሉ። አንዳንዶች ደግሞ ሁለቱንም ያስታርቃሉ፤ 732 የመጀመሪያው፣ የሚመጣው ሁለተኛው። ለእኛ ይህ ባዕድ አይደለም። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ ሰው አንድ ንባብ «አንድም» እየተባለ ከአንድ በላይ ትርጉም ሲወጣለት ለምዷል። የመጻሕፍት መምህር የምታውቁ ከሆነ ይህን ምዕራፍ ይዛችሁ ሂዱና ጠይቁ።

እኔ ወደ መጀመሪያው ወገን አደላለሁ። የኤፍሬምን ስም ሳትነካ ምዕራፉን ወደ ዛሬ ማምጣት ይከብዳል። «ገና ነው» የሚሉትን ግን አላፌዝባቸውም፣ የሚያነሱት ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። የማልቀበለው ቀን የሚቆርጠውን ነው።

ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ደማስቆ በእነሱም ዘንድ የመጨረሻ ዘመን ከተማ መሆኗን ይነግራችኋል። በሐዲስ እንደተነገረው ነቢዩ ዒሳ የሚወርዱት ከደማስቆ በስተምሥራቅ ባለው ነጭ ሚናራ ዘንድ ነው። በታላቁ የኡመያ መስጊድ ካሉት ሚናራዎች አንዱ በስማቸው ይጠራል። መስጊዱ የተሠራው የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ቦታ ሲሆን ከዚያ በፊት የጁፒተር፣ ከዚያም በፊት የሃዳድ ቤተ ጣዖት ነበረበት።

6. አሁን ቪዲዮውን ክፈቱ

ወረቀታችሁን አጠገባችሁ አድርጉና ሦስት ነገር ጠይቁ። ከቁጥር 1 ውጭ ሌላ ቁጥር ጠቅሷል? ኤፍሬም ዛሬ ማን እንደሆነ ነግሯችኋል ወይስ ዘሎታል? 732 ላይ የሆነውን አንስቶ ነው «ገና ነው» ያለው ወይስ እንዳልነበረ አድርጎ ነው? ሦስቱንም በአግባቡ ከመለሰ ባትስማሙም አድምጡት፣ ሰውዬው ሥራውን ሠርቷል። አንዱንም ካልመለሰ ፎርዋርድ አታድርጉት።

የሚጨሰው ሕንፃ ምስል ከየት እንደመጣም እዩ። አንዳንዴ የሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመት በፊት የተነሳ ምስል ነው። ጎግል ላይ በምስል መፈለግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። አንዳንዱ ሰው «ደማስቆ ልትነድ ነው» የሚለውን በደስታ፣ በእሳት ኢሞጂ አጅቦ ይልካል። ከተማዋ ውስጥ ሰው አለ እኮ! የሶርያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ መንበር እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ደማስቆ ነው። ከእኛ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ የሆነች እህት ቤተ ክርስቲያን ናት። ኢሳይያስ ራሱ በምዕራፍ 16 ስለ ሞአብ ጥፋት ሲናገር ያለቅሳል፣ ጠላት ነበሩ እንጂ ወዳጅ አልነበሩም።

ዘዴው ከገባችሁ ቀጣዩን ምዕራፍ ራሳችሁ ሞክሩት። ኢሳይያስ 18 ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለች ምድር ነው፣ እሱም ቪዲዮ አያጣም። መነሻ እንዲሆናችሁ 2ኛ ነገሥት 19፥9ን አንብቡ። እዚያ ቲርሐቅ የሚባለውን የኢትዮጵያ ንጉሥ ታገኛላችሁ። በዚያ ዘመን ግብፅን ይገዙ የነበሩት ከኩሽ (ከዛሬዋ ሱዳን) የመጡ ነገሥታት ነበሩ፣ የፈሩትም ያንኑ አሦርን ነበር። ኢሳይያስ 20ንም ጨምሩበት፣ ከዚያ ወረቀቱን አውጡ።