ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በእግር ሲዞሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አብዛኛው እንግዳ የሐዋሳን ሐይቅ ዳር የሚያየው በአንድ ቀን ነው። መናኸሪያ ይወርዳል፣ በባጃጅ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቅ ዳር መዝናኛ ይደርሳል፣ በሐይቁ ዳር ግድብ ላይ እየተንሸራሸረ ወደ ዓሣ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል ያቀናል፣ ዓሣ ይበላል፣ ጀልባ ይሳፈራል፣ ከዚያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይመለሳል። መንገዱ ሜዳ፣ ጥላው ብዙ፣ ሰዉ እንግዳ ተቀባይ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ ሁሉም ነገር ስለተመቸ ሐይቁን እንደ ከተማ መናፈሻ እንቆጥረዋለን። ሌባ የሚፈራ ሰው ኪሱን ጨብጦ ሲዞር ይውላል፤ ውሃውን፣ ፀሐዩንና ሰዓቱን ግን ይረሳል። እንደኛ ግምት ከሌባው ይልቅ የሚያሳስቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ቀኑን ገልብጦ ማቀድ

የተለመደው እቅድ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ተኝቶ ማርፈድ፣ ምሳ ዓሣ፣ ከምሳ በኋላ ጀልባ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ታቦር ተራራ ላይ። ከዚህ የባሰ ቅደም ተከተል ማውጣት ይከብዳል።

ሐይቁ ረጋ የሚለው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል ነፋስ ይነሳል፤ ጠዋት መስታወት የመሰለው ውሃ ትንሽ ጀልባ የሚያንገላታ ማዕበል ያወጣል። ዓሣ አስጋሪዎቹም መረባቸውን ሰብስበው የሚገቡት በማለዳ ስለሆነ አሞራ ገደል ገበያው የሚደምቀው ያኔ ነው። ስለዚህ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገበያው፣ ከዚያ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ጀልባው ይለቅ። እኩለ ቀኑን ጥላ ስር፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ በግድቡ ላይ በእግር።

ማታውን በተመለከተ፣ እዚህ አገር ምሽት አያመነታም። ፀሐይ እንደየወሩ ከ12 ሰዓት ከ5 እስከ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ 20 እና 25 ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ድፍን ጨለማ ይሆናል። ጀንበር ስትገባ ታቦር ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ልቅ ጠጠርና አቧራ የሞላበትን ቁልቁለት በስልክ መብራት ሊወርድ ነው ማለት ነው። ታቦርን መውጣት የፈለገ ጠዋት ይውጣ፣ ብቻውንም አይሂድ። እይታው ጠዋትም ያው ነው፤ እንዲያውም ፀሐይዋ ከጀርባ ስለምትሆን ሐይቁ ይበልጥ ይጠራል።

ዋጋውን ብቻ ተከራክሮ ጀልባ ላይ መውጣት

ሰው 50 ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት ይከራከርና ስለ ጃኬቱ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ይሳፈራል። ከመሳፈር በፊት ጥያቄው በሙሉ ይለቅ፦

«ወንድም፣ ሂሳቡ በሰው ነው በጀልባው?»
«በጀልባው።»
«ጉማሬው ጋ ደርሶ መልስ ነው? ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«ደርሶ መልስ ነው፣ አንድ ሰዓት ግድም።»
«ጃኬቱ ለስንት ሰው ይበቃል?»

የመጨረሻው መልስ ከተሳፋሪው ቁጥር ካነሰ ውይይቱ እዚያው ያበቃል። ጃኬቱ ከመጣ ደግሞ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ አይበቃም። ዘለበቶቹን በሙሉ ይቆልፉ፣ ማሰሪያውን ይሳቡ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጃኬቱ አገጭ አልፎ ጆሮ ጋ ከደረሰ ሰፍቶዎታል፤ ውሃ ውስጥ ሲወድቁ እሱ ተንሳፍፎ እርስዎ ከስር ይቀራሉ። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ የማይሆነውም ለዚህ ነው። በልጅ ልክ፣ በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ካልተገኘ ልጁን ይዞ አለመሳፈር ይሻላል። ደግሞ ጃኬቱን እንደ ትራስ የሚቀመጡበት አሉ፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሲጠፈጠፍ የማንሳፈፍ አቅሙ ይቀንሳል።

ጀልባው ላይ ዋናው ስህተት መቆም ነው። ፔሊካን ታየ ተብሎ ሁሉም በአንድ ጎን ሲነሳ ጀልባው ያዘነብላል። ፎቶ ተቀምጦም ይነሳል።

ጉማሬን ከላም ጋር ማመሳሰል

ጉማሬ ለማየት የሚኬደው በሰሜን በኩል፣ የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል፤ ዓይኑንና ጆሮውን ብቻ አውጥቶ ይተኛል። ግን በየብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ሰው አያመልጠውም።

ለባለጀልባው «ትንሽ ጠጋ በል» ማለት ብዙ እንግዳ የሚሠራው ጥፋት ነው። ባለጀልባው ደንበኛ ማስከፋት ስለማይፈልግ ይጠጋል። እርስዎ እንደውም ተቃራኒውን ይንገሩት፤ ቢያንስ የአንድ ኳስ ሜዳ ርዝመት ያህል ይራቅ። ጉማሬው ዳር ላይ ከሆነ ጀልባው በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል መግባት የለበትም፤ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ነውና። ከሰጠመ ደግሞ እስከ 5 ደቂቃ ሳይተነፍስ ሊቆይ ይችላል፤ ስለጠፋ ሄደ ማለት አይደለም።

በእግር ላለ ሰውም ሕጉ ያው ነው፦ በጉማሬና በውሃ መካከል አይቁሙ። ጉማሬ ሣር ሊግጥ የሚወጣው ሲመሽ ነው፣ የሚመለሰውም ከመንጋቱ በፊት። በፊላና በቄጤማው ውስጥ የተረገጠ ሰፊ ዱካ ካዩ የሱ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ማታና ንጋት ላይ እዚያ አይሂዱ።

«እግሬን ብቻ ነው የነከርኩት»

ከሁሉም በላይ ይህን ረዘም አድርገን የምናነሳው ጉዳቱ በዕለቱ ስለማይታይ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚራባው ዳር ላይ፣ ቄጤማና ሣር በበዛበት ቦታ በሚኖሩ ጥቃቅን የውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ዓይን የማያየውን እጭ ወደ ውሃው የሚለቀው በተለይ ቀን፣ ፀሐይ ስትበረታ ነው፤ ልክ እንግዳው ሞቀኝ ብሎ ጫማውን በሚያወልቅበት ሰዓት። እጩ ቁስል አይፈልግም፤ ጤነኛ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። መጠጣትም መዋኘትም ግድ አይደለም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት መቆም ይበቃል።

«ልጆቹ ሲዋኙ አይቻለሁ» የሚለው መከራከሪያ አያስኬድም። ልጆቹ ስለዋኙ ውሃው ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም፤ ምናልባት እነሱም መታከም አለባቸው። ውሃ ቢረጭብዎ ቶሎ በፎጣ አጥብቀው ያድርቁ፤ ትንሽ ይረዳል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ከጀልባ ሲወርዱ ባለጀልባው ድንጋዩ ወይም እንጨቱ ድረስ እንዲያስጠጋ ይጠይቁት፤ «ዝለል፣ ጉልበት አይሞላም» ካለ ጉልበት አለመሙላቱ ነገሩን አይለውጠውም።

የግድቡ ዳር ድንጋይ ሌላ ነገር ነው። ውሃው የሚልሰው ክፍል አረንጓዴ ሙልጭልጭ አለው፤ ፎቶ ልነሳ ብሎ አንድ ድንጋይ ወደ ታች የወረደ ይንሸራተታል። ለመንገዱ ሙሉ የሚሸፍን፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል።

ዳጣው ይገድለዋል ብሎ ጥሬ ዓሣ መብላት

አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከጀልባ እንደወረደ ይገፈፋል፣ ሥጋው በቢላ ይላጣል፣ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ይቀርባል። ጣዕሙን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይሁንና በርበሬም ሎሚም በዓሣ ሥጋ ውስጥ ያለ ትል አይገድሉም፤ ሎሚ ሥጋውን ነጭ አድርጎ የበሰለ ያስመስለዋል፣ ያ ብቻ ነው። ትል የሚገድለው እሳት ነው፤ ውስጡ 63 ዲግሪ ሲደርስ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ይለቃል። በረዶም ይገድላል፣ ግን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ይፈልጋል፤ ይህ በገበያ የለም። ለብለብም ያው ነው፤ ላዩ ተለብልቦ መሃሉ ጥሬ ነው። ጥብሱና ሾርባው ሐዋሳን አያሳፍሩም።

ጥሬ ካልበላሁ የሚል ሰው ቢያንስ ዓሣው ሲገፈፍ ቆሞ ይይ፤ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ይሁን። ቢላውና ጣውላው በምን ውሃ እንደሚታጠብ ይመልከት። ባልዲው ከሐይቁ የተቀዳ ከሆነ መልሱን አገኘ።

ገበያው ውስጥ ነጠላ ጫማ አያዋጣም። መሬቱ በዓሣ ሆድቃና በውሃ ይሙለጨለጫል፤ የአምባዛ የጎን ክንፍ እሾህ ደግሞ የሞተ ዓሣ ላይም ቢሆን ስስ ሶል ይወጋል። የተዘረጋ መረብ አይረግጡ፤ የሰው እንጀራ ነው፣ መንጠቆም ሊኖርበት ይችላል። ካሜራ ከማውጣት በፊት «ወንድሜ፣ ፎቶ ባነሳ ቅር ይልሃል?» ማለት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

እንስሳውን ከእጅ ማብላት

አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ የዓሣ ትርፍራፊ ስለለመደ ሰው አይፈራም። ቁመቱ ልጅ ያህላል፣ ምንቃሩ ከልጅ ፊት ትይዩ ነው። ልጅ ትርፍራፊ ይዞ እንዲጠጋው ማድረግ ለፎቶ የማይገባ ዋጋ ነው። ጉሬዛዎቹ ዛፍ ላይ ስለሚቆዩ ብዙም አያስቸግሩም፤ ጦጣዎቹ ግን ሙዝ ያለበትን ፌስታል ከሩቅ ያውቃሉ። ጦጣ ከነጠቀ ይተዉለት፤ መልሶ መጎተት ንክሻ ይጋብዛል።

ጦጣ ወይም ውሻ ከነከሰ፣ ቧጨራም ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። 15 ደቂቃ በሰዓት ሲቆጥሩት ረጅም ነው፤ ይቁጠሩት። ከዚያ በዚያው ቀን ሆስፒታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው።

ነፋሱን አምኖ ፀሐዩን መናቅ

ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቆዳን ስለሚያቀዘቅዝ መቃጠሉ የሚታወቀው ማታ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ የእኩለ ቀን ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ክረምቱን ደመናው ይሸፍናታል፤ የመጋቢቷ ግን ለፋሲካ የሚመጣውን እንግዳ ነው የምታገኘው። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ያለው ልብስ፣ ለአንድ ሰው ለግማሽ ቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ። ጀልባ ላይ ብርሃኑ ከውሃው እየተመለሰ ከስርም ያቃጥላል፤ አገጭና አንገት የሚረሱት እዚያ ነው።

ኪስን በተመለከተ

ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አናበዛም። ባጃጅ ሲያስቆሙ «ኮንትራት ነው በሰው?» ብለው ይነሱ፤ ሳይነጋገሩ የገቡበት ሁሉ ሲወርዱ ኮንትራት ነው። ዝርዝር ብር በአንድ ኪስ፣ ዋናው በሌላ። በቴሌብር ሲከፍሉ ሚስጥር ቁጥሩን ሰው ትከሻዎ ላይ ቆሞ እያየ አያስገቡ፤ «ብር ተሳስቼ ልኬብሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ደዋይ ካጋጠመ መልእክቱን ሳይሆን ሂሳቡን ይመልከቱ። በመንገድ ዳር ስልክ ዘርግቶ መሄድ ለሞተር ሳይክል ነጣቂ ያመቻል፤ ቆመው፣ ከአስፋልቱ ርቀው ያንሱ።

የታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓልና ጉዱማሌ ላይ የሚከበረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሲሆኑ ሕዝቡ እጅግ ይበዛል። ያን ቀን የመገናኛ ቦታ አስቀድሞ መቁረጥ ነው፤ «ስልክ እንደዋወላለን» አይሠራም፣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ለልጅ ኪስ የወላጅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ይጻፍ። ጀልባም በዕለቱ ባይሳፈሩ ይመረጣል፤ ሰልፉ ሲረዝም ከልክ በላይ መጫን ይመጣል።

ቤት ስንገባ ጉዞው አለቀ ማለት

ሐዋሳ ወባ አለ፤ አዲስ አበባ የለም። ስለዚህ የደጋ ሰው የመከላከል አቅሙም ልምዱም የለውም። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር የሚቀመጥ ረጅም እጅጌ፣ ካልሲና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል፣ የሚያድርም አጎበር። በሽታው ከተነከሱ ከ7 ቀን በፊት አይታይም፤ ሳምንታትም ሊቆይ ይችላል። ሰው በዚያን ጊዜ ጉዞውን ረስቶ «ጉንፋን ነው» ይላል።

የቢልሃርዚያም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግር ሊያሳክክ ይችላል፤ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ ሳልና የሆድ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ምንም ላያሳይም ይችላል። ምርመራው የሚያስተማምነው ውሃ ከነኩ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒትም የሚገድለው ያደገውን ትል እንጂ ጨቅላውን ስላልሆነ በማግስቱ ገዝቶ መዋጥ አይጠቅምም። ክሊኒክ ሲገቡ ሐኪሙ እስኪጠይቅ አይጠብቁ፦ «ከስድስት ሳምንት በፊት ሐዋሳ ነበርኩ፣ ሐይቁ ውስጥ እግሬን ነክሬያለሁ፣ ማታ ዳር ላይ ትንኝ ነክሶኛል» ይበሉ።