ግራፉ አልወዛወዝ ሲል፦ የኒውትራል ዲሌይ ኢኩዌሽን ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ክረምት ላይ ለማስተርስ ወደ ድሬዳዋ የሚመጡ የሒሳብ መምህራን ቀን ቀን ሙቀቱ አያሠራቸውም። ላፕቶፕ የሚከፈተው አመሻሽ ላይ ነው። ቴሲሳቸው በኒውትራል ዲሌይ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ላይ የሆነ እንደሆነ፣ ይዘውት የሚመጡት ችግር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ቲዎረሙ ይወዛወዛል ያለው መልስ ግራፉ ላይ አይወዛወዝም። ጣት የሚቀሰረውም ኮዱ ላይ ነው። እኔ ግን ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀትና ካልኩሌተር አውጡ እላለሁ። መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ኢኩዌሽኑ ይህ ነው፦

[ቀ(ጊ) − ሀ·ቀ(ጊ − ለ)]′ + መ·ቀ(ጊ − ሰ) = 0

ቀ የምንፈልገው መልስ ነው፣ ጊ ደግሞ ጊዜ። ለ እና ሰ መዘግየቶች ናቸው። ሀ እና መ ቁጥሮች ናቸው፤ መ ፖዘቲቭ ነው እንበል። ኒውትራል ያሰኘው ሀ ያለበት ተርም ነው፤ እዚያ ዴሪቫቲቩ ራሱ ዘግይቶ ይመጣል። ይህ የወረቀት ላይ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ከድሬ እስከ ሐረር በመንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ያህል ሽቦ ብንዘረጋና ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ቢሄድ፣ ጫፍ ነክቶ ለመመለስ 0.37 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ለ ማለት ይህ ነው። ከተላከው ሞገድ ምን ያህሉ ተንጸባርቆ እንደሚመለስ የሚነግረን ደግሞ ሀ ነው።

መልሱ ይወዛወዛል የምንለው ዜሮን ማብቂያ ሳይኖረው ደጋግሞ ሲያቋርጥ ነው። ማደጉና መክሰሙ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ብዙ ሰው ያደክማል።

ምልክት፦ ቲዎረሙ ይወዛወዛል ይላል፣ ግራፉ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ዜሮ ይወርዳል

የመጀመሪያው ምክንያት ዓይናችን ነው። ሀ ዜሮ፣ መ·ሰ ደግሞ 0.5 ይሁን። ሀ ዜሮ ሲሆን፣ ሁሉም መልስ እንዲወዛወዝ መ·ሰ ሊያልፈው የሚገባው ወሰን 1/2.718፣ ማለትም 0.368 ገደማ ነው። 0.5 ስለሚበልጠው ሁሉም መልስ ይወዛወዛል። ግን እያንዳንዱ ግማሽ ዙር ከቀደመው 25 ጊዜ ገደማ ያንሳል! አንድ ትንሽ ወደ ታች ዘለቅ የሚል ነገር ታያላችሁ፣ ከዚያ መስመሩ ጠፍጣፋ ይመስላል። አራት ግማሽ ዙር ካለፈ ከሚሊዮን 2 እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል። ማትላብ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ካልቀየራችሁት የሚጠቀምበት አብሶሉት ቶለራንስ (የሚታገሠው የስህተት መጠን) ከሚሊዮን 1 ነው። ከዚያ በታች የምታዩትን ማመን አይቻልም።

መፍትሄው ቀላል ነው። ቶለራንሱን አጥብቁ፣ ከዚያ የመልሱን አብሶሉት ቫልዩ ሎጋሪዝም ሣሉ። ዜሮ በተቋረጠ ቁጥር ግራፉ እንደ መርፌ ወደ ታች ይሰነጠቃል። መርፌዎቹን መቁጠር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሀ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ነው፤ ብዙ ቴሲስ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጽሑፍ ኒውትራሉን ተርም በመደመር ይጽፈዋል፣ ሌላው በመቀነስ። ቲዎረሙ ከአንዱ ይቀዳል፣ ሞዴሉ ከሌላው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። መ 0.3፣ ሰ 1፣ ለ 2 ይሁን። ሀ ከ0 እስከ 1 ሲሆን፣ መ·ሰ ከ(1 − ሀ)/2.718 ከበለጠ ሁሉም መልስ ይወዛወዛል። ሀ 0.5 ቢሆን ወሰኑ 0.184 ነው። 0.3 ይበልጠዋል፤ ስለዚህ ይወዛወዛል። ኒውትራሉ ተርም ባይኖር ግን 0.3 ከ0.368 ያንሳል፤ የማይወዛወዝ መልስ ይኖር ነበር።

አሁን ምልክቱን ገልብጡት፣ ሀ −0.5 ይሁን። ካራክተሪስቲክ ኢኩዌሽኑ (ቀ(ጊ)ን በ2.718^(ረ·ጊ) ስንተካ ለረ የሚወጣው ኢኩዌሽን) −0.21 አካባቢ ሪል ሩት አለው። ያ ማለት ዜሮን ሳይነካ ቀስ እያለ የሚከስም መልስ አለ ማለት ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሀ ኔጌቲቭ ሆኖ መዘግየቱ ሰ ከመዘግየቱ ለ ካልበለጠ፣ ምንጊዜም እንዲህ ያለ መልስ አለ። መ ምንም ያህል ብታሳድጉት ለውጥ የለም።

ዋናው ምርመራ ይህ ነው፦ ኮፊሸንቶቹ (ሀ እና መ) ኮንስታንት ከሆኑ፣ ሁሉም መልስ የሚወዛወዘው ካራክተሪስቲክ ኢኩዌሽኑ ምንም ሪል ሩት ሳይኖረው ሲቀር ብቻ ነው። አንድ ግራፍ መወዛወዙ ስለ ሌሎቹ መልሶች ምንም አይነግራችሁም። ሩቱን ፈልጉ።

(ሀ ልክ 1 ሲሆን ሪል ሩት ጭራሽ የለም፤ መዘግየቶቹ ምንም ቢሆኑ ሁሉም መልስ ይወዛወዛል። ይህን ውጤት በጣም እወደዋለሁ።)

ምልክት፦ በየመዘግየቱ ግራፉ ይሰበራል

ተማሪው ኮዴ ተበላሽቷል ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። በተራው የዲሌይ ኢኩዌሽን መነሻው ላይ ያለ ስብራት በየመዘግየቱ እየለሰለሰ ይሄዳል። በኒውትራል ግን አይለሰልስም። ጊ ዜሮ ላይ ከታሪክ ፈንክሽኑ (ከዜሮ በፊት ለቀ ከሰጠነው ዋጋ) የሚመጣው ዴሪቫቲቭና ኢኩዌሽኑ የሚሰጠው ካልገጠሙ፣ ስብራቱ በእያንዳንዱ የለ መዘግየት ይደገማል። የሚገጥም ታሪክ ምረጡ፣ ወይም ስብራቱን እንዳለ ተቀበሉት። ማትላብ ላይ ዲዲኢ23 (dde23) የተባለው ኢኩዌሽን ፈቺ ፕሮግራም (ሶልቨር) ለኒውትራል አልተሠራም፤ ለዚህ የተዘጋጀው ዲዲኢኤንኤስዲ (ddensd) ነው። ዴሪቫቲቩን በግምት አስልቶ ዲዲኢ23 ውስጥ መክተት ጣጣ ያመጣል።

ምልክት፦ ውዝዋዜው እያደገ ይፈነዳል

የሶልቨሩን ስቴፕ (የጊዜ እርምጃ) ማሳነስ ካልረዳ የሀን መጠን እዩ። ምልክቱን ትታችሁ ከ1 ከበለጠ፣ ከዜሮ ቀኝ በኩል፣ ማለትም ሪል ክፍላቸው ፖዘቲቭ ሆኖ መልሱን የሚያሳድጉ፣ ማለቂያ የሌለው የሩት ሰልፍ አለ። ምንም ሶልቨር አያድነውም። ሽቦው ጫፍ ላይ ኃይል የሚጨምር ነገር ከሌለ ደግሞ የሚመለሰው ሞገድ ከተላከው ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ሞዴሉ ውስጥ የዩኒት ወይም የቅንፍ ስህተት ፈልጉ። ሀ ዜሮ ሆኖ ካደገ ግን መ·ሰ ከ1.57 በልጧል ማለት ነው፤ እድገቱ እውነተኛ ነው።

ምልክት፦ መ በጊዜ ይለዋወጣል፣ ሕጉ አልሠራ አለ

የኮንስታንቱን ሕግ አማካይ ቁጥር እየከተታችሁ አትጠቀሙበት። ሀ ዜሮ ሲሆን፣ መ በአንድ መዘግየት መስኮት ውስጥ ያለውን ኢንቴግራል አስሉ። መስኮቱን ወደፊት ስትገፉት፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ የሚደርስበት ዝቅተኛ ዋጋ ከ0.368 ከበለጠ ሁሉም ይወዛወዛል። ካልበለጠ ቴሲሱ ላይ «አይወዛወዝም» ብላችሁ አትጻፉ። «ሁኔታው አልተሟላም» ብላችሁ ጻፉ።