ስንቅ እንጂ ምሳ አይደለም፦ የሮማንቲክ ግጥም ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ሮማንቲክ» ሲባል የፍቅር ግጥም የሚጠብቅ አለ። ቃሉ እዚህ የሚያመለክተው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በአውሮፓ የተስፋፋውን የሥነ ጽሑፍ እንቅስቃሴ ነው፤ በዚህ ላይ አልቆይም። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የከፋው ስህተት ሌላ ነው። ተፈጥሮ የነፍስ ምግብ ናት ሲባል፣ ገጣሚው አበባ እያየ እዚያው የሚጠግብ ይመስለናል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልያም ዎርድስወርዝ ግን የሚያወራው ስለ ስንቅ ነው። በ1798 ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ዋይ ወንዝ ተመልሶ በጻፈው ግጥም፣ ይህች ቅጽበት ለመጪዎቹ ዓመታት ምግብ ይዛለች ይላል። የቀድሞው ጉብኝቱም የደረሰለት በከተማ ጫጫታ መካከል፣ በብቸኛ ክፍል ውስጥ ሲደክመው ነበር። ስንቅ ቤት አይበላም፤ የሚፈታው መንገድ ላይ ነው። ይህን ያልያዘ አንባቢ ዎርድስወርዝ ዳፎዲል ስለሚባሉት ቢጫ አበቦች የጻፈውን ግጥም መጨረሻ እንደ ጭራ ይዘለዋል። ሰውየው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ሳለ አበቦቹ በውስጥ ዓይኑ ብልጭ የሚሉት ግን እዚያ ነው።

በዚሁ ግጥም «ብቻዬን ስንከራተት» ማለቱን እንደ ምስክር ቃል መውሰድም ያሳስታል። ኤፕሪል 15 ቀን 1802 በአልስዎተር ሐይቅ ዳር እህቱ ዶሮቲ አብራው ነበረች። አንዳንዶቹ አበቦች ደክሟቸው ድንጋዩን እንደተንተራሱ በማስታወሻዋ የጻፈችው እርሷ ናት። እርሱ ግጥሙን የጻፈው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የውስጥ ዓይን የሚሉት ሁለት ስንኞች ደግሞ የሚስቱ የሜሪ መሆናቸውን ራሱ ተናግሯል። የብቸኝነት ግጥም በሦስት ሰው!

ዳፎዲልን «አደይ አበባ» ብሎ መተርጎም እኔም የሠራሁት ስህተት ነው። ቢጫነቱ ያታልላል። አደይ ግን የሚጠበቅ አበባ ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ይመጣል እንላለን። የግጥሙ ሰው ሳያስበው ነው የተገናኘው፤ አደይ ስንል ድንጋጤው ይጠፋል።

ተፈጥሮን ሁልጊዜ ደግ እናት አድርጎ ማንበብም አለ። «ዘ ፕሪሉድ» በተባለው ረጅም ግጥም፣ ልጁ ዎርድስወርዝ ከአኻያ ዛፍ ታስሮ ያገኘውን የሰው ጀልባ ሳያስፈቅድ ፈትቶ በምሽት ይቀዝፋል። ጥቁር ተራራ ብቅ ይላል፤ በቀዘፈ ቁጥር እየገዘፈ፣ እየተራመደ የሚከተለው ይመስለዋል። እየተንቀጠቀጠ ጀልባውን ይመልሳል፤ ለብዙ ቀን ሕልሙ ይታወካል። ይህንም ከአስተዳደጉ ይቆጥረዋል፤ ውበትና ፍርሃት እኩል አሳድገውኛል ባይ ነው።

በመጨረሻም፣ ሁሉም ገጣሚዎች በዚህ ማዕድ የጠገቡ አይምሰለን። ዶሮቲና ወንድሟ አበቦቹን ከማየታቸው 11 ቀን በፊት፣ ወዳጃቸው ገጣሚው ኮልሪጅ በዚያው በሰሜን እንግሊዝ የሐይቆች አገር ስለ ሐዘኑ መጻፍ ጀምሮ ነበር። የምሽቱ ሰማይ፣ ከዋክብቱ፣ ጨረቃዋ ሁሉም ፊቱ ናቸው። ውበታቸውን ያያል፤ አይሰማውም።