ቪዛ ስታስሞሉ ስማችሁን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ የሥራ ቪዛ ፎርም የምታስሞሉ፣ ስማችሁን በቃል አትንገሩ። ጸሐፊው «መሐመድ»ን እንደለመደው ነው የሚመታው። በ«ኦ» ይሁን በ«ዩ»፣ «ኤም» አንድ ይሁን ሁለት፣ የሚያውቀው ፓስፖርቱ ብቻ ነው። እኛ ወሎዬዎች ደግሞ መሐመድና ሰይድ ሞልቶናል!

ፓስፖርቱን ስጡት። ከመላኩ በፊት ስሙን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንዱ ከፓስፖርቱ ይጥራ፣ ሌላው ስክሪኑ ላይ ይከተል። ዓይን የለመደውን ስም በግምት ነው የሚያልፈው። ከኋላ ሲነበብ ግን ስምነቱ ይቀርና ፊደል ብቻ ይሆናል፤ ስህተቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የልደት ቀንንም በጭንቅላት አትቀይሩ። «8 ዓመት መደመር ነው» የሚሉት ሁልጊዜ አይሠራም፤ ጥር 1990 በፈረንጅ 1998 ነው፣ ጥቅምት 1990 ግን 1997። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ።

ስህተቱ ራሱ ፓስፖርቱ ላይ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይጠቅምም። የጤና ምርመራውና ውሉ በተሳሳተው ስም ሳይወጣ መጀመሪያ እሱን አሳርሙ።